በቀድሞ የግዕዝ ፎንት የተጻፉ የእድር ሰነዶች በሊነክስ ኮምፒውተር ላይ አልነበብ አሉኝ

የእድሩ ጸሐፊ፦

ጤና ይስጥልኝ። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ ከተመረጥሁ አራት ወር ሆኖኛል። ከእኔ በፊት ያገለገሉት አባት ሲያስረክቡኝ፣ ከማኅተሙና ከወረቀት መዝገቦቹ ጋር አንድ ያረጀ ኮምፒውተርና አንድ ፍላሽ ሰጡኝ። በፍላሹ ላይ ከ1992 እስከ 2001 ዓ.ም. ድረስ በማይክሮሶፍት ወርድ የተጻፉ 140 ያህል ሰነዶች አሉ፤ መተዳደሪያ ደንቡ፣ ቃለ ጉባኤዎቹ፣ የአባላቱ መዝገብ፣ የመዋጮና የቅጣት ዝርዝሩ ሁሉ እዚያው ነው።

እኔ የምሠራበት ላፕቶፕ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ ሊነክስ የተጫነበት ሲሆን ሰነድ የምከፍተው በሊብሬኦፊስ ነው። ፋይሎቹን ስከፍት ሠንጠረዦቹ በቦታቸው አሉ፤ የደመቀው ርእስ ደምቆ፣ የተሰመረበትም ተሰምሮበት ይታያል፤ ፊደሉ ግን የለም። በአማርኛው ቦታ ነጥብና ጭረት የበዛባቸው የላቲን ፊደላት፣ የገንዘብ ምልክቶችና ቅንፎች ተደርድረዋል። ሁሉንም መርጬ ፎንቱን ኒያላ ወደሚባለው የአማርኛ ፎንት ብለውጠውም ያው የላቲን ፊደል ሆኖ ቀረ። በጥቂት ፋይሎች ላይ ደግሞ የሚታየው ባዶ ሳጥን ብቻ ነው፤ ስድስቱ ጭራሹኑ አልከፈት ብለዋል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ጠቅላላ ጉባኤ ስላለን፣ የሚሻሻሉት የደንቡ አንቀጾች ከዚያ በፊት ተባዝተው ለአባላት መድረስ አለባቸው። ደንቡ 27 ገጽ በመሆኑ ቢቸግር እንደ አዲስ እጽፈዋለሁ። የሚያስጨንቀኝ የአባላቱ መዝገብ ነው። በመዝገቡ 312 አባወራዎችና እማወራዎች ከነቤተሰቦቻቸው ስም ሰፍረዋል፤ በእጄ ስገለብጥ አንዲት አሮጊት እናት ወይም አንድ አማች ከዝርዝሩ ቢወድቁብኝ፣ ሐዘን በደረሰባቸው ቀን «መዝገብ ላይ የሉም» የሚባሉት በእኔ ስሕተት ነው። ስለዚህ ፊደሉ ለምን እንደጠፋ፣ እንደገና ሳይጻፍ ሊመለስ ይችል እንደሆነ፣ ከተመለሰም በኋላ ለሚቀጥለው ጸሐፊ በምን ዓይነት ፋይል ባስቀምጠው እንደሚሻል የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ፊደል ለቃሚ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ሳይቸኩሉ ጠየቁ። ከሁሉ በፊት ፍላሹን እንዳለ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቅዱና ዋናውን አይንኩት። ሰነድ ከፍተው ሲዘጉ ሊብሬኦፊስ ለውጡ ይቀመጥ እንደሆነ ቢጠይቅዎ እንዳይቀመጥ ያድርጉ። ወደ ኒያላ ለውጠው ያስቀመጡት ፋይል ካለም እሱን ትተው ከፍላሹ እንደገና ይውሰዱ፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ግልጽ ይሆናል።

ዶክ የሚባለው የወርድ የቀድሞ የፋይል ዓይነት በዚህ ጉዳይ ብዙም አላስቸገረዎትም። ማይክሮሶፍት የዚህን ፋይል ዝርዝር አሠራር እ.ኤ.አ. በ2008 ለሁሉም ክፍት አድርጎታል፤ ሊብሬኦፊስም በደንብ ያነበዋል፤ ሠንጠረዡና ድምቀቱ በትክክል የወጣው ለዚህ ነው። የፊደሉ ችግር ሥሩ ሌላ ነው። ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር የሚሰጠው፣ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የግዕዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ሲሆን፣ ያን ጊዜ 345 ምልክቶች የየራሳቸውን ቁጥር አግኝተዋል። ይሁን እንጂ ዊንዶውስ ኒያላን ይዞ ለተጠቃሚው የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2007 ቪስታ ከተባለው እትሙ ጋር በመሆኑ፣ ሰነዶችዎ በተጻፉባቸው ዓመታት በየጽሕፈት ቤቱ የሚሠራው ፓወር ግዕዝን፣ ቪዥዋል ግዕዝንና የመሳሰሉትን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ከነፎንቶቻቸው ጭኖ ነበር።

እነዚያ ፎንቶች የተሠሩት እያንዳንዱ ፊደል በአንድ ባይት (ኮምፒውተር መረጃ በሚያስቀምጥበት አንድ ትንሽ ክፍል) እንዲቀመጥ ነው። አንድ ባይት ያለው ቦታ 256 ብቻ ሲሆን 32ቱ ለትእዛዝ የተያዙ ናቸው። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ሏ፣ ሟ፣ ቧ፣ ኋ የመሳሰሉት፣ ቨ ከነቤተሰቡ፣ 20ው የግዕዝ አኃዝና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ቦታው ሞልቶ ይፈስሳል። የፎንቶቹ አዘጋጆች ይህን የተወጡት ሊደነቅ በሚገባው ብልሃት ነው፤ አንዳንዱን ምልክት ወደ ሁለተኛ አጋዥ ፎንት አዛወሩት፤ አንዳንዱንም ፊደል ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጠው በማሳያው ላይ እንዲገጣጠም አደረጉት። ያን ጊዜ ዛሬ ያለን አማራጭ አልነበራቸውም፤ በሺህ የሚቆጠር የአማርኛ ሰነድ የተጻፈው በእነርሱ ድካም ነው።

እንግዲህ ኮምፒውተሩ ፋይሉ ውስጥ የሚያገኘው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር በአማርኛ ፊደል የሚሣለው ያ ፎንት ካለ ብቻ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሰነድ ላይ የፎንቱ ስም የጽሑፉ መፍቻ ቁልፍ ነው። ኒያላ ደግሞ የዩኒኮድ ፎንት ስለሆነ የላቲን ቁጥር ሲሰጡት የላቲን ፊደል ይሥልልዎታል። ከዚህ የሚከፋው ፎንቱን ለውጠው ያስቀመጡት ፋይል ቁልፉን ራሱን መጣሉ ነው፤ የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ከዚያ ፋይል ማወቅ አይቻልም።

አሁን የሚያደርጉት እንዲህ ነው። ከሰነዱ አንድ የማይነበብ ቃል ላይ ጠቋሚውን አሳርፈው በላይ ያለውን የፎንት ስም ይመልከቱ፤ ሊብሬኦፊስ በኮምፒውተሩ ላይ የሌለን ፎንት ስም አዘንብሎ ይጽፈዋል። ስሙን በወረቀት ይያዙ። ቁጥሮችና ነጥቦች ላይም እንዲሁ ያድርጉ፤ ሌላ ስም ማግኘትዎ አይቀርም። ከዚያ የእድሩን አሮጌ ኮምፒውተር አስነሥተው በዊንዶውስ አቃፊ ሥር ካለው የፎንቶች አቃፊ እነዚያን ፋይሎች ይቅዱ። ኡቡንቱ ላይ የፎንቱን ፋይል ሲከፍቱት መጫኛ ቁልፍ ያለው መስኮት ይመጣል። ጭነው ሊብሬኦፊስን ዘግተው ቢከፍቱ ጽሑፉ ይነበባል፤ ማተምም ይችላሉ።

ስለ ባዶ ሳጥኖቹ፦ የፎንቱ ስም ከቀድሞዎቹ አንዱ ከሆነ ቁጥሮቹ ዩኒኮድ ለግል አጠቃቀም በተወው ክፍል ስለተቀመጡ ነው፤ ፎንቱ ሲጫን ይስተካከላሉ። ስሙ ኒያላ ከሆነ ግን ጽሑፉ ጤነኛ ዩኒኮድ ነው፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ የተባሉትን ነጻ የግዕዝ ፎንቶች መጫን ብቻ ይበቃዎታል።

ሰነድ ጠባቂ፦

ፊደል ለቃሚ የጻፉት ትክክል ነው፤ እኔ ከሚነበብበት ደረጃ በኋላ ስላለው ልጨምር። ፎንቱ ሲጫን ዐይን ያነበዋል እንጂ ኮምፒውተሩ አሁንም አማርኛ መሆኑን አያውቅም። «ከበደ» ብለው ቢፈልጉ አያገኝም፤ መዝገቡን በፊደል ተራ ደርድር ቢሉት በላቲኑ ተራ ይደረድረዋል፤ ፒዲኤፍ አድርገው ለአባላት ቢልኩትና አንዱ አንቀጽ ቢቀዳ የሚለጠፍለት ያው የላቲን ትርምስ ነው። በሰነዱ ላይ ለማረም ሲሞክሩም ሊብሬኦፊስ እንግሊዝኛ ስለሚመስለው የመጀመሪያውን ፊደል በራሱ ፈቃድ ወደ ትልቅ ይለውጠዋል፤ በዚህ ፎንት ትልቁና ትንሹ የተለያዩ የአማርኛ ፊደላት ስለሆኑ ቃሉ ሳይታወቅ ይበላሻል። ደንቡን ማሻሻል ስላለብዎ ወደ ዩኒኮድ መለወጡ የግድ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰነዱን ተራ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጥና «ፈልግና ተካ» በሚለው መሣሪያ እያንዳንዱን የላቲን ፊደል በአማርኛ መተካት ይጀምራል። በተራ ጽሑፍ ውስጥ የፎንት ስም የለም፤ በዋናው ፎንት የተጻፈው፣ በአጋዡ ፎንት የተጻፈውና በእውነት እንግሊዝኛ የሆነው ቃል ይቀላቀላሉ። በደንባችሁ ውስጥ የባንክ ስም ወይም የመኪና ታርጋ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ከሆነ እሱም ወደ ትርጉም የለሽ አማርኛ ይለወጣል። በሁለት ቁጥር የተገጣጠሙት ፊደላትም ረጅሙ ጥምረት አስቀድሞ ካልተተካ ግማሻቸው ይቀራል።

ስለዚህ የእያንዳንዱን ቃል ፎንት እያየ የሚለውጥ መሣሪያ ያስፈልጋል። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ለዚሁ የሠራው፣ በጃቫ የሚሄድና ኮዱ ክፍት የሆነ መለወጫ አለ፤ ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን ጨምሮ በስፋት ይሠራባቸው የነበሩትን ፎንቶች ያውቃል። ጃቫ በሊነክስም በዊንዶውስም በማክም ስለሚሄድ የእርስዎ ላፕቶፕ ይበቃዋል። የሚቀበለው ግን ዶክኤክስ የተባለውን፣ ከኦፊስ 2007 ጀምሮ የመጣውን ዓይነት ብቻ ነው። በመሆኑም አስቀድመው ዶክ የሆኑትን ቅጂዎች በሊብሬኦፊስ ወደ ዶክኤክስ ይለውጧቸው፤ 140ውንም አንድ በአንድ መክፈት ሳያስፈልግ ሊብሬኦፊስን ያለ መስኮት ከትእዛዝ መስመር በማስኬድ መላውን አቃፊ በአንድ ጊዜ መለወጥ ይቻላል። ይህን ከማድረግዎ በፊት የቀድሞዎቹ ፎንቶች መጫናቸውን ያረጋግጡ፤ በመጀመሪያም በአንድ አጭር ቃለ ጉባኤ ይሞክሩ።

አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። በኢንተርኔት ላይ ፋይል ተቀብለው የሚለውጡ ገጾች አሉ፤ የአባላቱን መዝገብ ግን ወደዚያ አይላኩ። የ312 ቤተሰቦች ስም፣ የቤት ቁጥርና መዋጮ በአደራ የተሰጠዎት ስለሆነ ሥራው በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ማለቅ አለበት።

ስለ አልከፈቱት ስድስት ፋይሎች፦ የስማቸውን መጨረሻ አይመኑ። ሊነክስ የፋይሉን ውስጥ አይቶ ዓይነቱን የሚናገር ትእዛዝ አለው፤ የትእዛዙም ስም «file» ነው። ዶክ የተባለ ፋይል ውስጡ አርቲኤፍ፣ ወርድፐርፌክት ወይም ማይክሮሶፍት ወርክስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ሦስቱንም ሊብሬኦፊስ ያነባቸዋል። ፐብሊሸርና ፔጅሜከር በተባሉት የኅትመት ገጽ ማዘጋጃዎች የተሠሩ ከሆኑም በሥዕል ክፍሉ ይከፍታቸዋል። ውጤቱን ቢነግሩን እንረዳዎታለን።

የእድሩ ጸሐፊ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሮጌው ኮምፒውተር ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኝ በሦስተኛው ተነሣልኝ። የፎንቱ ስም ግዕዝ 1 ሲሆን፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ በተለየ አጋዥ ፎንት የተጻፉ ናቸው፤ ስለዚህ ፓወር ግዕዝ መሆኑ ነው። ሁለቱንም ወስጄ ስጭን የደንቡ የመጀመሪያ ገጽ ፊቴ ላይ ተነበበ። እድሩን ከመሠረቱት ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ስማቸውን በተርታ ሳየው እንባዬ መጣ።

ባዶ ሳጥን ያሳዩ የነበሩት በሙሉ አብረው ተስተካክለዋል። ካልከፈቱት ስድስት ፋይሎች ሦስቱ ፔጅሜከር ሆነው ተገኙ፤ የሐዘን መግለጫና የጥሪ ካርዶች ናቸው። አንዱ 162 ባይት ብቻ የሆነ፣ ወርድ ሰነድ ሲከፍት ለጊዜው የሚፈጥረውና ኮምፒውተሩ በድንገት ሲጠፋ የቀረ ፋይል ነው፤ ውስጡ የሚፈለግ ነገር የለም። የቀሩት ሁለቱ ግን ሊነክስም ዓይነታቸውን ሊለይ አልቻለም፤ ከመካከላቸው አንዱ የ1996 ዓ.ም. የመዋጮ ዝርዝር መሆኑን ከስሙ አውቃለሁ።

ለመለወጥ በሞከርሁት ቃለ ጉባኤ ላይ ፊደሉ በአመዛኙ ደህና ወጥቷል። ያልገባኝ የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ሠንጠረዡን ወደ ሒሳብ መሥሪያ ገጹ ወስጄ ድምር ሳዝዘው አንዳንዱን ረድፍ ዘሎ ይደምራል፤ በዐይን ሲታይ ግን ቁጥሮቹ ሁሉም ትክክል ናቸው። መለወጫው አበላሽቶት ይሆን?

የቀድሞ ታይፒስት፦

ልጄ፣ መለወጫው አላበላሸውም፤ ያንን ያደረግነው እኛ ነን። 19 ዓመት በጽሕፈት ሥራ ቆይቻለሁ። በአማርኛው የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ሆነን ዜሮ ለመጻፍ ፎንት መለወጥ ሥራ ስለሚያጓትት፣ ብዙዎቻችን በዜሮ ፈንታ ዐይኑን «ዐ» እንመታ ነበር። እስከ ዛሬ በየሰሌዳውና በየደብዳቤው «2ዐዐ1 ዓ.ም.» ተብሎ የምታየው ከዚህ የመጣ ነው። ወረቀት ላይ ልዩነቱ ስለማይታይ ማንም አልተቆጣንም። ኮምፒውተሩ ግን «15ዐ» የሚለውን እንደ ቃል ስለሚያየው ከድምሩ ይተወዋል። ስለዚህ በገንዘብና በቀን ዓምዶች ላይ ብቻ «ዐ»ን በዜሮ ተካው፤ በመላው ሰነድ ላይ ከተካኸው «ዐቢይ» እና «ዐሥር» የተባሉት ቃላት ሁሉ ይበላሹብሃል። ተቃራኒውም አለ፤ በቃል መካከል ዜሮ ገብቶ ታገኛለህ።

አራት ነጥቡንም እንዲሁ ተመልከት። ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትተን «፡፡» እያደረግን ስለምናልፍ፣ ከተለወጠ በኋላ እነዚያን በአንዱ «።» ተካቸው። ዓምድ ለማስተካከልም ክፍተት በክፍተት ላይ እንደረድር ነበር፤ አዲሱ ፎንት ስፋቱ ስለሚለይ አሰላለፉ መፈራረሱ አያስደንግጥህ። ሯ፣ ሟ፣ ጧ የመሳሰሉትን ፊደል ያላገኘ ጀማሪ ደግሞ «ርዋ»፣ «ምዋ»፣ «ጥዋ» እያለ ጽፎ ይሆናል፤ ይህን የሚያርም መሣሪያ የለም፤ በዐይን ነው።

የስም ነገር ከሁሉ ይበልጣል። አንዱ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ አንድ ዓይነት አድርገህ ለማስተካከል አትሞክር፤ ባለቤቱ በቀበሌ መታወቂያው እንደጻፈው ይቆይ። ስትፈልግ ግን በሁሉም አጻጻፍ ሞክር፤ በሃሌታው «ሀ» ብቻ ፈልገህ «የለም» እንዳትል። መዝገቡን ለማመሳከር ሁለት ሰው ሁኑ፤ አንዱ ማኅተም ካረፈበት የወረቀት መዝገብ ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ከኮምፒውተሩ ላይ ይከተል። የስም ዝርዝር ብቻውን ያመሳከረ ሰው ዐይኑ የሚጠብቀውን እንጂ የተጻፈውን አያይም። 312ቱን በሁለት ቅዳሜ ትጨርሳላችሁ።

ሰነድ ጠባቂ፦

እናታችን ያሉትን የሚያህል ምክር እኔ ከመጽሐፍ ላገኘው አልችልም ነበር። የቀሩትን ሁለት ጥያቄዎች ልመልስ።

ዓይነታቸው ያልታወቀው ሁለቱ ፋይሎች ሲቀዱ የተበላሹ ይመስላል። አሮጌው ኮምፒውተር ሳይጠፋብዎት ከራሱ ከሀርድ ዲስኩ ላይ ያው ስም ያለው ፋይል ይኖር እንደሆነ ይፈልጉ፤ ፍላሹ ቅጂ ስለሆነ ዋናው እዚያ ጤነኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ካልተገኘ የ1996ቱን ዝርዝር ከወረቀቱ ስካን አድርገው፣ ቴሰራክት በተባለው ነጻ የጽሑፍ ማንበቢያ ሊሞክሩት ይችላሉ፤ አማርኛ ያውቃል። በጥሩ ኅትመት ላይ ጊዜ ይቆጥባል፤ ጥቂት ገጽ ብቻ ከሆነ ግን በእጅ መጻፉ ሳይሻል አይቀርም፤ «ሰ»ን እና «ስ»ን፣ «ለ»ን እና «ሉ»ን ማምታታቱ በስም ዝርዝር ላይ አደገኛ ነው።

ለሚቀጥለው ጸሐፊ ሦስት ነገር ይተዉ። የሚታረመውን ሰነድ ኦፕንዶክዩመንት በተባለው የፋይል ዓይነት ያስቀምጡት፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በቁጥር 26300 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ስለጸደቀ በአንድ ኩባንያ ፈቃድ ላይ አይንጠለጠልም። ጉባኤው ያጸደቀውን ደንብ ደግሞ ከዚያው ከሊብሬኦፊስ ፒዲኤፍ/ኤ በሚባለው የማኅደር ዓይነት ያውጡት፤ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ መልኩ አይለወጥም፤ በውጭ አገር ላሉት አባላትም የሚላከው ይኸው ቢሆን ይመረጣል። ሦስተኛው ዋናዎቹ ዶክ ፋይሎች ከሁለቱ ፎንቶች ጋር ባንድ አቃፊ ሳይነኩ መቆየታቸው ነው። ወደፊት በአንድ ስም ላይ ክርክር ቢነሣና የተለወጠው ቅጂ ቢያጠራጥር የሚመለሱት ወደዚያ ነው፤ ፎንቱ አብሮ ከሌለ ግን ያ አቃፊ እርስዎ በመጀመሪያው ቀን ያዩትን የላቲን ትርምስ ነው የሚያሳየው።

የእድሩ ጸሐፊ፦

ሁለቱም ፋይሎች ከአሮጌው ሀርድ ዲስክ ላይ ጤነኛ ሆነው ተገኝተዋል፤ የ1996ቱ መዋጮ «ዐ»ው በዜሮ ከተተካ በኋላ ከወረቀቱ ድምር ጋር ልክ ገጠመ። የእድሩ ዳኛና ገንዘብ ያዣችን በመጪው ቅዳሜ ከእኔ ጋር ተቀምጠው መዝገቡን ከወረቀቱ ጋር ለማመሳከር ተስማምተዋል። እናቴ፣ ጮክ ብለው የሚያነቡት ዳኛው ናቸው።